ጉድጓድ ለመግባት የተወለደ ትንሽ ውሻ፦ ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን በደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን ያላቸው ሰው ናቸው። ወደ ውጭ አገር የሄደ ወዳጃቸው የአራት ወር ወንድ ቡችላ ትቶላቸው፣ ዝርያው «ጃክ ራስል» እንደሚባል ነግሯቸዋል። መጋዘኑን አይጥ አስቸግሮታልና ውሻው በእርግጥ ለሥራ የሚሆን ወይስ ለጌጥ ብቻ የሚያዝ መሆኑን፣ የዘሩን አመጣጥ፣ አመጋገቡን፣ ክትባቱን፣ እንዲሁም እንደ አገራችን ውሻ ቀን ቀን በሰንሰለት ማሰር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ጎረቤቶቻቸው «ይህ የፈረንጅ ውሻ የኅዳርን ውርጭ አይሻገርም» እንዳሏቸው፣ እናታቸውም ውሻ ከቤት ደጃፍ እንዳያልፍ እንደከለከሉ ጨምረው ጽፈዋል።

በሰሜን ሸዋ የእንስሳት ሕክምና ስሠራ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአብዛኛው ከመንዝ በግና ከእርሻ በሬ ጋር ነው፤ በእጄ ያለፉት ቴሪየሮች (ጃክ ራስል የሚመደብበት የአዳኝ ውሾች ወገን) በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ጥቂቶች አንድ ነገር በሚገባ ተረድቻለሁ። የዚህን ውሻ ጠባይ፣ በሽታውንና የሚያሰጋውን አደጋ ለማወቅ በመጀመሪያ የተወለደበትን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታሪኩን የአያያዙ መነሻ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ትንሽ ቢረዝም ይታገሡኝ።

«ቴሪየር» የሚለው ስም የመጣው መሬት ወይም አፈር የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ከመሬት በታች ገብቶ የሚሠራ ውሻ እንደ ማለት ነው። የእርስዎ ቡችላ ዘር ስሙን ያገኘው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን ግዛት ይኖር ከነበረው ከቄስ ጆን ራስል ነው፤ ወዳጆቹ «ጃክ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ራስል የተወለደው በ1795፣ ያረፈው በ1883 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1819 በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ወተት የሚያዞር ሰው አንዲት ነጭ ትንሽ ቴሪየር አስከትሎ ሲሄድ አየና ወዲያውኑ ገዛት። ትራምፕ የምትባለው ይህች ውሻ ገላዋ ነጭ፣ በዓይኖቿና በጆሮዎቿ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ በጅራቷ ሥርም የሳንቲም ያህል ተመሳሳይ ነጥብ ያላት እንደነበረች ተጽፏል። የዘሩ እናት ተብላ የምትጠቀሰው እሷ ናት። የእርስዎንም ቡችላ ብርሃን ላይ አቁመው ቢያዩት ቡናማው ወይም ጥቁሩ ቀለም የተሰበሰበው ጭንቅላቱና የጅራቱ ሥር አካባቢ ሆኖ ሳያገኙት አይቀርም።

በዚያን ዘመን ቀበሮ የሚታደነው በፈረስ ነበር። ቁመተ ረጃጅም አሳዳጅ ውሾች በመንጋ ሆነው ቀበሮዋን ሜዳ ለሜዳ ያሳድዷታል፣ ፈረሰኞቹም ይከተላሉ። ቀበሮዋ ጉድጓዷ ውስጥ ከገባች በኋላ ግን አሳዳጆቹ ከአፋፉ ላይ ከመጮህ በቀር የሚሠሩት የለም፤ ሰውነታቸው አይገባም። ቴሪየሩ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። ጠባቡን ቀዳዳ ሰርስሮ ይገባል፣ በጨለማ ውስጥ ቀበሮዋን ፊት ለፊት ይገጥማታል፣ እስክትወጣም ድረስ ሳያቋርጥ እየጮኸ ያስጨንቃታል። ከገደላት አደኑ እዚያው ያበቃልና ራስል ይፈልግ የነበረው ልበ ሙሉ ሆኖ ድምፁን ከጥርሱ የሚያስቀድም ውሻ ነበር። እግሩ ፈረስ የሚከተልበት፣ ደረቱ ደግሞ ጉድጓድ የሚገባበት ልክ ሊኖረው ይገባ ነበር። ነጭ መሆኑም ምክንያት አለው፤ ከጉድጓድ ብቅ ሲል ከቀበሮዋ ጋር እንዳያምታታ ነው።

የደረቱ ነገር ዛሬም የዘሩ መለያ ነው። ውሻው አድጎ ሲመዘን፣ ከፊት እግሮቹ ክርን በስተኋላ ያለውን ደረቱን አንድ ሰው በሁለት እጁ ሲያቅፈው አውራ ጣቶቹ ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶቹ ከታች መነካካት አለባቸው። የዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን መለኪያም የደረቱን ዙሪያ ከ40 እስከ 43 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አድርጎ፣ ክብደቱንም ለየ5 ሳንቲ ሜትሩ ቁመት 1 ኪሎ ግራም ይሰጠዋል፤ 30 ሳንቲ ሜትር የቆመ ውሻ 6 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። እግሩ ረዘም ያለው የዘመዱ ወገን «ፓርሰን ራስል» የሚባል ሲሆን ወንዱ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። አጭሩን ወገን ራሱን ችሎ እንደ አንድ ዘር ያሳደጉት ይበልጡን አውስትራሊያውያን ናቸው። የእንግሊዝ የውሻ ክበብ ለዚህ ዘር ሙሉ እውቅና የሰጠው በ2016 ነው። የሚገርመው ራስል ክበቡ በ1873 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረ ሰው መሆኑ ነው፤ ሆኖም የራሱን የሥራ ውሾች ለቁንጅና ውድድር አያቀርባቸውም ነበር። እኔም ብሆን አላቀርባቸውም። ለመልክ ብቻ የተመረጠ ሠራተኛ እንስሳ ምን እንደሚሆን በፈረስም በውሻም ታይቷል።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከመሬት በታች የገባ ውሻ ጌታውን አያይም፣ በደንብም አይሰማም። መቼ ወደፊት እንደሚገፋ፣ መቼ እንደሚያፈገፍግ የሚወስነው ብቻውን ነው። በግ የሚነዱት የውጭ አገር ውሾች ዓይናቸውን ከእረኛው ላይ የማይነቅሉት ሥራቸው ከእረኛው ጋር ስለሆነ ነው፤ ይህኛው ግን ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንዲያስብ ተመርጦ ተራብቷል። ሰዎች «እልኸኛ ነው፣ ጠርተነው አይመጣም፣ ግቢውን ቆፍሮ ጨረሰው፣ ሲጮህ አይደክመውም» እያሉ የሚያመጡልኝ ክስ ሁሉ ተሰብስቦ ሲታይ የሥራው ዝርዝር ነው። መቆፈርና መጮህ ተከፍሎት ይሠራው የነበረ ሙያው ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ለመጋዘንዎ ይሆናል፤ ጥርጥር የለውም። ከአደን ውጭ ቴሪየሮች በእርሻ ጎተራና በፈረስ ጋጣ አይጥ ሲገድሉ የኖሩ ናቸው። ድመት አይጥን አድብታ ትይዛለች፣ ስትጠግብም ትተኛለች። ቴሪየር ግን ለመብላት አይገድልም፤ አይጡን በአንገቱ ይይዘዋል፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ያርገበግበዋል፣ ጥሎትም ወደሚቀጥለው ይሮጣል። አንድ ቀን በአንድ እህል ነጋዴ ግቢ ቆሜ እያለሁ ሠራተኞቹ የጤፍ ጆንያ ሲያነሱ ሦስት አይጦች በአንድ ጊዜ ፈነዱ፤ ውሻው ሁለቱን ጣላቸው፣ ሦስተኛው ግድግዳው ሥር ወዳለው ቀዳዳ አመለጠ። ውሻው ከዚያ ቀዳዳ ፊት ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር አልተነሣም፤ ውኃ ሲያቀርቡለትም ዓይኑን ሳያነሣ ነው የጠጣው።

ያ ሦስተኛው አይጥ ግን አንድ ውሻ ብቻውን የማይወጣውን ነገር ያሳያል። አይጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ አርግዛ በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች፤ ቀዳዳዋ ክፍት፣ እህሉም የተዝረከረከ ከሆነ የትኛውም ውሻ አይደርስባትም። ጆንያው መሬት ላይ ሳይሆን በርብራብ ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። ይህ ክፍተት አየር ከማስገባቱ በላይ ለውሻው መንገድ ነው፤ ጆንያ ከግድግዳ ከተጣበቀ አይጡ ከኋላው ይኖራል፣ ውሻውም ጆንያውን ይቀድድብዎታል። የግድግዳውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ይድፈኑ፣ የፈሰሰውን ዱቄት ማታ ማታ ያስጠርጉ። ቡችላውንም ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ትልቅ አይጥ ላይ አይልቀቁት። አሁን በአራት ወሩ የወተት ጥርሱን እየጣለ ስለሆነ አንድ ኃይለኛ ንክሻ ከአፍንጫው ላይ ከቀመሰ ሊፈራ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ደጋግመው እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ። ውሻው ሥራ ከጀመረ በኋላ በዚያ ግቢ የአይጥ መርዝ መኖር የለበትም። በአገራችን ገበያ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ግራጫ ወደ ጥቁር የሚያደላ ዱቄት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻ የለውም። ሌላው ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ይህኛው የሚያታልለው ወዲያው ባለማሳየቱ ነው፤ ውሻው መርዙን ወይም መርዙን የበላውን አይጥ ከበላ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አንዳንዴም ከአፍንጫው ይደማል። በጊዜ ከደረሰ ቫይታሚን ኬ አንድ ለሳምንታት ተሰጥቶት ይድናል። የእህል ነቀዝ ለመግደል በጆንያ መካከል የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒንም እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ያንኑ ፎስፊን ነው። ክኒኑ የተጨመረበት መጋዘን በደንብ ተናፍሶ እስኪያበቃ ድረስ ውሻውም ሆነ ሰው አይግባበት። ውሻ ጉድጓድ ለጉድጓድ እያሸተተ ስለሚሄድ ጋዙ በተጠራቀመበት ዝቅተኛ ቦታ አፍንጫውን የሚሰድድ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ወፍጮው ሲሠራ ደግሞ ውሻው ከሞተሩ ክፍል መውጣት አለበት። በቺንጊያው ሥር አይጥ ካየ ቺንጊያው አይታየውም። በዚህ ምክንያት እግሩን ያጣ አንድ ውሻ አክሜያለሁና ነገሩን በግምት አልናገርም።

ወደ በሽታው ልለፍ። ዘሩ በጥቅሉ ጤነኛና ረጅም ዕድሜ የሚኖር ነው፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት መኖሩ የተለመደ ነው። ጉልበቱ ላይ ያለችው ሎሚ ከቦታዋ የምትንሸራተትባቸው አሉ፤ ውሻው እየሮጠ ሳለ ድንገት ሦስት እርምጃ በሦስት እግሩ አንክሶ መልሶ እንደ ደህና ከሮጠ እሱ ነው። ነጭነት ከሚበዛባቸው መካከልም በአንድ ወይም በሁለት ጆሮው ሳይሰማ የሚወለድ ይገኛል፤ ቡችላዎ ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ቁልፍ አንኳኩተው ይፈትኑት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ዓይኑ ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቴን መናዘዝ አለብኝ። ከዓመታት በፊት የአምስት ዓመት ቴሪየር አንድ ዓይኑ ቀልቶ፣ እያነባና እየጨፈነ አመጡልኝ። ውሻው የሚውለው ዱቄት በሚቦንንበት ቤት ነበርና «ዱቄት ገብቶበት ነው» ብዬ ቅባት ሰጥቼ ሰደድሁት። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ዓይኑ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ አብጦ ነበር፤ ማየቱም አብቅቷል። ዱቄት አልነበረም። በዚህ ዘር የሚተላለፍ አንድ የዘር ችግር አለ፤ የዓይንን ሌንስ በቦታው አንጠልጥለው የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይበጠሳሉ። ሌንሱ ወደ ፊት ሲወድቅ የዓይኑን ፈሳሽ መውጫ ይዘጋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ነርቩም በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይሞታል። የእኔ ሦስት ቀን ውሻውን ዓይኑን አስከፈለው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውም ዓይን መከተሉ አይቀርም፤ ይህንንም ለባለቤቱ ያስጠነቀቅሁት ዘግይቼ ነው። እርስዎ ግን አሁኑኑ ይወቁት፤ አድጎ ዓይኑ ከቀላ፣ ከደፈረሰ ወይም ብርሃን ከጠላ «ነገ ያድርሰን» አይበሉ፣ በዚያው ቀን ያምጡት። ችግሩ የሚወረሰው ከአባትም ከእናትም ሲመጣ ነው፤ በውጭ አገር ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ይመረመራል። ወዳጅዎ የቡችላው ወላጆች ተመርምረው እንደሆነ ቢጠይቁልዎ አንድ የስልክ ጥሪ የሚያወጣ ነገር ነው።

ክትባቱን በተመለከተ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወር ጀምሮ ይሰጣልና ጊዜው ደርሷል፤ ዓመት ሲሞላው ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይቀጥላል። ዲስተምፐርና ፓርቮ የሚባሉትን ገዳይ የውሻ በሽታዎች የሚከላከለው ጥምር ክትባትም ካልተጀመረ ዛሬውኑ ይጀመር። ለእርስዎ ውሻ ግን አንድ ሌላ የምጨምረው አለ፤ ሌፕቶስፒሮሲስ። ይህ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ፣ ለሰውም የሚተርፍ በሽታ ነው። በሌላ ውሻ ላይ ቸል ሊባል ይችል ይሆናል፤ አይጥ በሚይዝ ውሻ ላይ ግን አይባልም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አራርቆ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተባል። ክትባት ሲገዙ ከየትኛው ማቀዝቀዣ እንደወጣ ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ ሳይቆይ መብራት ሲጠፋ ሲበራ የከረመ ጠርሙስ ውኃ ከመውጋት አይሻልም። ውሻው ሰው ከነከሰ ወይም ያልታወቀ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና ሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ክትባቱን ግን አያስቀረውም፣ አያዘገየውምም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። ገብስ ለመግዛት ወደ መሐል ሜዳ የሚሄዱ ከሆነ ውሻውን ይዘው ወደ ጓሳ እንዳይወጡ። በጓሳ የሚኖረው የእኛ ቀይ ቀበሮ፣ ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ሥጋ ዝምድናው ከተኩላ ጋር ነው፤ በአገራችን ደጋዎች ሁሉ ተደምሮ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር በተደጋጋሚ ሲፈጃቸው ታይቷል። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው የጋራ ሣርን የመጠበቂያ ባህላዊ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆ ባቆየው ሣር ላይ፣ ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያስወጣ የተራባ ውሻ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ይፍረዱ። የተከተበም ቢሆን አይሂድ።

ስለ ትል ስናወራ አካባቢያችን የበግ አገር መሆኑን አንርሳ። በበዓል በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ከተገኘ «ለውሻ ጣሉት» ይባላል። በዚያ ውኃ ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉን ከአይነ ምድሩ ጋር ያወጣል፣ እንቁላሉም በእጅና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ጉበት ይገባል። በጎቻችንን እያዞረ የሚጥለው አዙሪትም የሚመጣው በተመሳሳይ መንገድ፣ የበግ ጭንቅላት ለውሻ በመስጠት ነው። እንዲህ ያለው ሥጋ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ለውሻ የሚሰጥ ሳንባና ጉበትም በደንብ ይቀቀል። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ በኪሎው ልክ ይሰጠው። በኪሎው ልክ ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። ለበግ የሚወጋው አንድ ፐርሰንት አይቨርሜክቲን መጠኑ ለ50 ኪሎ አንድ ሚሊ ሊትር ነው፤ የቀረችውን አንድ ሚሊ «ለውሻውም ይሁን» ብሎ የ5 ኪሎ ውሻ የወጋ ሰው ለበግ ከተፈቀደው አሥር እጥፍ ሰጠው ማለት ነው። እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ የሚመጡልኝ ትናንሽ ውሾች አብዛኞቹ የዚህ ሰለባዎች ናቸው። የበግ ማጥለቂያ መድኃኒትም በዚህ ውሻ ላይ አይፈስም፤ ለመዥገርና ለቁንጫ ለውሻ የተዘጋጀውን ይጠይቁ።

አመጋገቡ አያስቸግርም። እስከ ስድስት ወር በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይብላ። የተቀቀለ ሥጋና ሳንባ፣ እንቁላል፣ ከእነሱ ጋር የገብስ ቅንጬ፣ ቂጣ ወይም ባዶ እንጀራ ይስማማዋል። ወጥ ግን አይስማማውም፤ ጥፋቱ ከበርበሬው ይልቅ የሽንኩርቱና የነጭ ሽንኩርቱ ነው፣ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋልና አይስጡት። በእኛ አገር በተለይ የሚረሳው ጾሙ ነው። ልኳንዳው በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን ሲዘጋ ውሻው ከቤተ ሰቡ ጋር አብሮ ይጾማል፤ የሚያድግ ቡችላ ደግሞ ሽሮና እንጀራ ብቻ እየበላ ሁለት ወር ከቆየ እግሩ ይቀጥናል፣ ጠጉሩ ይሻክራል። ከቅበላ በፊት ጨውና ቅመም ያልነካው ቋንጣ ያሰቅሉለት፣ እንቁላሉንም ከጎረቤት ይግዙለት። በጾም ሥጋ መብላት ውሻን አያስኮንንም። መጠኑን ለማወቅ በእጅዎ ጎኑን ይዳስሱት፤ የጎድን አጥንቱ ሳይታይ በጣት የሚቆጠር ከሆነ ልክ ነው፣ ካልተቆጠረ ወፍሯል። የወፈረ ቴሪየር ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ የሚቀረቀር ቴሪየር ነው።

በሰንሰለት ስለማሰር የጠየቁት፣ መልሴ አይሆንም የሚል ነው። የአገራችን ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ሲለቀቅ ይኖራል፤ ግቢ መጠበቅ ሥራው ስለሆነ ተኝቶም ይሠራዋል። ይህኛው ታስሮ የሚሠራው ሥራ የለም። ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ሰንሰለቱን ያኝካል፣ በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፣ ሲፈታም ያገኘውን ዶሮ ሁሉ ይፈጃል። በዚያ ፋንታ ግቢውን ይጠሩለት፤ ሽቦው ወይም ቆርቆሮው ከመሬት በታች ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይቀበር፣ ከሥሩ ቆፍሮ ይወጣልና። በቀን አንድ ሰዓት ያህል በማሰሪያ ይዘውት ይጓዙ። «ና» እና «ተው» የሚሉትን ቃላት ከአሁኑ ያስተምሩት፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ፣ በመጣ ቁጥር የቀንጣ ያህል ሥጋ ይቅመስ። ሳይመጣ ቆይቶ ሲመጣ መምታት ሁለተኛ እንዳይመጣ ማስተማር ነው። ከጎረቤት ዶሮ ጋር ይለምዳል ብለው ግን አይመኑ፤ ዶሮዋ እስካልሮጠች ብቻ ነው የሚለምደው።

ብርዱን በተመለከተ ጎረቤቶችዎ ግማሽ እውነት አላቸው። ደረቅ ብርድ አይገድለውም፤ የተወለደበት ዴቨንም ዝናባማና ነፋሻ አገር ነው። የሚጎዳው እርጥበትና ነፋስ ሲገናኙ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ርሶ ሲያድር፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን፣ በሩ ከነፋሱ የዞረ፣ ውስጡም በየሳምንቱ የሚቀየር ደረቅ ጭድ ያለበት ይበቃዋል። የከሰል ምድጃ አጠገቡ አስቀምጠው በር እንዳይዘጉ፤ ጭሱ ሳይታይ ይገድለዋል።

ሳጥኑ ግን ሌሊት ውጭ መሆን አይችልም። ምክንያቱ ከብርዱ ይልቅ ጅቡ ነው። በደብረ ብርሃን ዳርቻ ሌሊት ጅብ ይዞራል፤ የአገራችን ውሻ ጅብ ሲሰማ ማፈግፈግን ከእናቱ ይማራል፣ ይህ ግን አውሬን ፊት ለፊት እንዲገጥም የተራባ ነው፤ ጅቡ ደግሞ ከቀበሮ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አይሸሽም፤ ለዚህም ነው የሚበላው።

እናትዎን በተመለከተ በእሳቸው ልፈርድ አልችልም፤ በቤታቸው ሥርዓታቸው ነው፣ እኔም ያደግሁት ውሻ ከማጀት በማይደርስበት ቤት ነው። ውሻው ሳሎን መግባት የለበትም። ሳጥኑን ከመጋዘኑ በር ከውስጥ በኩል ያድርጉለት፣ ነቀዝ መድኃኒት በሚገባበት ሰሞን ብቻ ወደ በረንዳ ይውጣ፤ በረንዳውም ሌሊት የሚቆለፍ ይሁን። በመጋዘኑ በር የሚያድር ውሻ ሌሊቱን ከሥራው ጋር ያድራል፣ እናትዎም የሚያዩት ጠዋት ከበሩ ላይ የተኮለኮሉትን አይጦች ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያውን ክትባት ሊያስወጉት ሲመጡ ወዳጅዎ ትቶልዎት የሄደ የክትባት ካርድ ካለ አይርሱ፤ ሚዛን እኛ ጋ አለ፣ ደረቱንም አብረን እንለካዋለን።